የጅማት ጭነት ልኬት

የጅማት ጭነት ልኬት ማለት የሰው ወይም የእንስሳ አካል ሲቆም፣ ሲራመድ፣ ሲሮጥ፣ ዕቃ ሲያነሣ ወይም ሲጎትት በጅማቶቹ ላይ የሚያርፈውን ኃይልና በዚያ ኃይል የተነሣ የሚደርስባቸውን መለጠጥ በቁጥር የማወቅ ጥናት ነው። ጥናቱ የባዮሜካኒክስ ክፍል ሲሆን ለሕክምና፣ ለስፖርት፣ ለእንስሳት ጤናና ለእርሻ መሣሪያ ንድፍ ያገለግላል።

የልኬቱ ዋና ችግር ጅማቱ ከቆዳ በታች መሆኑ ነው። አንድ ሰው የተሸከመውን ጆንያ በሚዛን መመዘን ቀላል ነው፤ ጥንድ በሬ ሞፈሩን የሚጎትትበትን ኃይልም መለኪያ አስገብቶ ማወቅ ይቻላል። ነገር ግን የውጭው ጭነትና በጅማቱ ውስጥ ያለው ጭነት አንድ አይደሉም። ጅማት አጥንትን የሚጎትተው ለመገጣጠሚያው በጣም ቀርቦ ስለሆነ፣ የሚሸከመው ኃይል ብዙውን ጊዜ ከውጭው ጭነት በርካታ እጥፍ ይበልጣል። በአንድ እግሩ ጣቶች ቆሞ ግድግዳ ላይ ያለ ዕቃ ለማውረድ የሚንጠራራ ሰው እንኳ የተረከዙን ጅማት ከራሱ ክብደት ከሁለት እጥፍ በላይ በሆነ ኃይል ይወጥረዋል።

ስያሜ

በአማርኛ «ጅማት» የሚለው ቃል በዕለት ተዕለት ንግግር ሰፊ ትርጉም አለው። በሳይንስ ግን ሁለት ነገሮች ይለያሉ። አንደኛው ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ሲሆን ቴንደን ይባላል። ሁለተኛው አጥንትን ከአጥንት ጋር የሚያስተሳስረው ሲሆን ሊጋመንት ይባላል። በዚህ ጽሑፍ የመጀመሪያው «የጡንቻ ጅማት»፣ ሁለተኛው «የመገጣጠሚያ ጅማት» ተብሎ ይጠራል፤ «ጅማት» ብቻ ሲባል ሁለቱንም ያመለክታል።

ከጡንቻ ጅማቶች ሁሉ ትልቁ የባትን ጡንቻዎች ከተረከዝ አጥንት ጋር የሚያገናኘው ነው። በሕክምና አቺለስ ይባላል። በገጠር ከእግር በስተኋላ ላለው ወፍራም ጅማት «ቋንጃ» የሚለው ቃል የታወቀ ነው፤ ቋንጃው የተቆረጠ በሬ መቆም እንደማይችል ማንኛውም ገበሬ ያውቃል። ከመገጣጠሚያ ጅማቶች መካከል ደግሞ በብዛት የተጠናው በጉልበት ውስጥ የሚገኘው የፊት መስቀልያ ጅማት ነው። ይህ ጅማት የቅልጥም አጥንት ከጭን አጥንት ሥር ወደ ፊት እንዳይንሸራተት ይይዛል።

አሠራርና ጠባይ

ጅማት በዋናነት ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን የተሠራ ነው። የኮላጅን ቃጫዎች እንደ ገመድ ክሮች በጥቅል በጥቅል ተደራጅተው በኃይሉ አቅጣጫ ይዘረጋሉ። ጅማት ሳይወጠር ቃጫዎቹ ትንሽ የተጨማደዱ ናቸው። በመጀመሪያ ሲሳብ ይህ ጭምድድ ይፈታል፤ በዚህ ጊዜ በትንሽ ኃይል ብዙ ይረዝማል። ጭምድዱ ካለቀ በኋላ ግን ቃጫዎቹ ራሳቸው መሳብ ስለሚጀምሩ ጅማቱ ግትር ይሆናል።

ጭነቱን ለመግለጽ ሦስት መጠኖች ያስፈልጋሉ።

- ኃይል፦ ጅማቱ የሚሳብበት መጠን ነው፤ በኒውተን ይለካል። 1 ኪሎ ግራም ክብደት ያለው ዕቃ ወደ ታች የሚስብበት ኃይል 10 ኒውተን ገደማ ነው።
- ጫና፦ ኃይሉ ለጅማቱ ውፍረት ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ነው። በአንድ ካሬ ሚሊሜትር ላይ 1 ኒውተን ሲያርፍ ጫናው 1 ሜጋፓስካል ነው። የወፍራምና የቀጭን ጅማት ጭነት የሚወዳደረው በጫና ነው።
- የመለጠጥ መጠን፦ የርዝመቱ ጭማሪ ከመጀመሪያው ርዝመት ጋር ሲነጻጸር ያለው መቶኛ ነው። 20 ሴንቲ ሜትር የነበረ ጅማት 21 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 5 በመቶ ተለጥጧል ይባላል።

በላቦራቶሪ ሲሞከር የጡንቻ ጅማት በአብዛኛው የሚበጠሰው ጫናው 100 ሜጋፓስካል አካባቢ ሲደርስና ከ8 እስከ 10 በመቶ ያህል ሲለጠጥ ነው። ይህም ማለት 1 ካሬ ሚሊሜትር ስፋት ያለው የጅማት ክር 10 ኪሎ ግራም ያህል አንጠልጥሎ ይይዛል ማለት ነው።

ጅማት እንደ ላስቲክ ወዲያውኑ ተለጥጦ ወዲያውኑ የሚመለስ ብቻ አይደለም፤ ጊዜም ይወስናል። ኃይሉ ሳይጨምር ለረጅም ጊዜ ከተያዘ ቀስ በቀስ መርዘሙን ይቀጥላል። ርዝመቱ ሳይለወጥ ከተያዘ ደግሞ ውስጡ ያለው ኃይል ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ስለዚህ የጅማት ጭነት ሲለካ «ምን ያህል?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ለምን ያህል ጊዜ?» እና «ስንት ጊዜ ተደጋግሞ?» የሚሉትም መመለስ አለባቸው።

ጅማት ኃይልን ከማስተላለፉ ሌላ እንደ ምንጭ ሽቦ ጉልበት ያጠራቅማል። እ.ኤ.አ. በ1987 ኔቸር በተባለው መጽሔት በወጣ የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጥናት፣ 70 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው ሲሮጥ በእያንዳንዱ እርምጃ በአቺለስ ጅማቱ 35 ጁል፣ በውስጥ እግሩ ቅስት ደግሞ 17 ጁል ያህል ጉልበት ተጠራቅሞ አብዛኛው እንደሚመለስ ተሰልቷል። ሯጭ መሬቱን ሲረግጥ የሚጠራቀመውን ይህን ጉልበት ጡንቻው እንደገና ማመንጨት አያስፈልገውም።

የጥናቱ ታሪክ

የሰውነትን ኃይሎች በማንሻ ሕግ ለማስላት በሰፊው የሞከረው የመጀመሪያው ሊቅ ጣሊያናዊው ጆቫኒ አልፎንሶ ቦረሊ ነው። ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1680 መታተም በጀመረው ስለ እንስሳት እንቅስቃሴ በጻፈው መጽሐፉ፣ ጡንቻዎች ከሚያነሡት ክብደት እጅግ የሚበልጥ ኃይል እንደሚያመነጩ አሳየ። ከዚያ በፊት የነበረው አስተሳሰብ አካል በጥቂት ኃይል ትልቅ ክብደት ያነሣል የሚል ነበር።

ስሌቱን በቀጥታ ልኬት ማረጋገጥ የተቻለው ግን በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በጅማት ላይ የሚታሰር የዘለበት ቅርጽ ያለው መለኪያ ተገለጸ። በ1970ዎቹ በነጻነት በሚንቀሳቀሱ ድመቶች እግር ላይ ተሞከረ። በ1980ዎቹ ደግሞ በፊንላንድ የዩቫስኩላ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ፓቮ ኮሚ መለኪያውን በፈቃደኛ ሰዎች አቺለስ ጅማት ላይ አሠርተው ሲራመዱ፣ ሲዘሉና ሲሮጡ ለኩ። እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተሙት ጽሑፍ በፍጥነት በሚሮጥ ሰው ጅማት ላይ የታየው ከፍተኛ ኃይል 9,000 ኒውተን፣ ማለትም የሰውየው ክብደት 12.5 እጥፍ ነበር። ኃይሉ ለጅማቱ ስፋት ሲካፈል ጫናው ከ100 ሜጋፓስካል በላይ ሆነ። ይህ ውጤት ከሞተ አካል ተወስዶ የሚሞከር ጅማት የሕያው ጅማትን ጥንካሬ አሳንሶ ሊያሳይ እንደሚችል አመለከተ።

የመለኪያ ዘዴዎች

ዘዴዎቹ በሦስት ይከፈላሉ፦ ከአካል ውጭ በላቦራቶሪ የሚደረግ ሙከራ፣ በአካል ውስጥ በቀጥታ የሚደረግ ልኬት፣ ቆዳ ሳይቀደድ የሚደረግ ልኬትና ስሌት።

በላቦራቶሪ መሳብ

ከሞተ አካል የተወሰደ ጅማት ሁለቱ ጫፎቹ በመያዣ ይያዙና እስኪበጠስ ድረስ ይሳባል። ትልቁ ችግር ጅማቱ የሚያሟልጭ በመሆኑ ከመያዣው ማምለጡ ነው። ለዚህ ሲባል ጫፎቹን በደረቅ በረዶ የሚያቀዘቅዝ መያዣ ይሠራል፤ ወይም ጅማቱ ከነአጥንቱ ይወሰዳል። ጅማቱ መድረቅ የለበትም፤ የደረቀ ጅማት ጠባዩ ፈጽሞ ይለወጣል።

በዚህ መንገድ ከተገኙት ውጤቶች በብዛት የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1991 ስለ ጉልበት የፊት መስቀልያ ጅማት የታተመው ነው። ዕድሜያቸው ከ22 እስከ 35 ዓመት ከነበረ ሰዎች የተወሰደው ጅማት በአማካይ በ2,160 ኒውተን ሲበጠስ፣ ከ60 ዓመት በላይ ከነበሩት የተወሰደው በ658 ኒውተን ተበጥሷል። ተቀዶ የሚጠገን ጅማት ምን ያህል ጠንካራ መሆን እንዳለበት ሐኪሞች የሚያመዛዝኑት በእነዚህ ቁጥሮች ነው።

ዘለበት መለኪያ

ይህ መለኪያ እንደ ቀበቶ ዘለበት ክፈፍና መሐል ዘንግ አለው። ጅማቱ በክፈፉ ሥር፣ በዘንጉ ላይ፣ እንደገና በክፈፉ ሥር ስለሚያልፍ በትንሹ ይጎብጣል። ጡንቻው ሲሳብ ጅማቱ ቀጥ ለማለት ስለሚሞክር ክፈፉን ያጎብጠዋል። በክፈፉ ላይ የተለጠፈው ስትሬን ጌጅ የተባለ ቀጭን ሽቦ ሲለጠጥ የኤሌክትሪክ መቋቋሙ ይለወጣል፤ ለውጡም ወደ ኒውተን ይተረጎማል። ዘዴው ኃይሉን በቀጥታ ይለካል፤ ነገር ግን ቀዶ ጥገና ይጠይቃል፤ በጅማቱ ዙሪያ በቂ ቦታ በሌለበትም አይሆንም።

የብርሃን ክርና ሌሎች ተቀባሪ መለኪያዎች

እ.ኤ.አ. በ1996 የኮሚ ቡድን ግማሽ ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የብርሃን ክር በመርፌ አማካይነት በጅማቱ መሐል አሳልፎ መለካት እንደሚቻል አሳየ። ጅማቱ ሲወጠር ክሩን ይጨምቀዋል፤ በክሩ ውስጥ የሚያልፈው ብርሃንም ይቀንሳል። ከዘለበቱ ይልቅ የሚያስከትለው ጉዳት አነስተኛ ነው።

መለጠጥን ለመለካት ደግሞ ፈሳሽ ብረት የተሞላ ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ በጅማቱ ላይ ይሰፋል። ጅማቱ ሲረዝም ቱቦው ይቀጥናል፤ የኤሌክትሪክ መቋቋሙም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1989 በታተመ ጥናት የሚጋልብ ፈረስ የፊት እግር ጅማት ከ11 እስከ 16 በመቶ ያህል ሲለጠጥ ታይቷል። የፈረስ ጅማት በልምምድና በእሽቅድምድም ለምን ቶሎ እንደሚጎዳ ከዚህ መረዳት ይቻላል፤ የሚሠራው ከመበጠሻው ድንበር አጠገብ ነውና።

በአሜሪካ የቨርሞንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም በጉልበት ምርመራ ጊዜ በፈቃደኞች የፊት መስቀልያ ጅማት ላይ ትንሽ መለኪያ ተክለው የተለያዩ እንቅስቃሴዎችን አነጻጸሩ። ጉልበት በ15 ዲግሪ ታጥፎ የጭን ጡንቻ ሲወጠር ጅማቱ 4.4 በመቶ ሲለጠጥ፣ ጉልበት 90 ዲግሪ ታጥፎ ያው ጡንቻ ሲወጠር ግን ምንም አልተለጠጠም። ከቀዶ ጥገና በኋላ የትኛው እንቅስቃሴ ቀድሞ፣ የትኛው ዘግይቶ ይጀመር የሚለው በዚህ ዓይነት ልኬት ይወሰናል።

አልትራሳውንድ

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተስፋፋው ይህ ዘዴ እርጉዝ ሴት በምትመረመርበት ዓይነት መሣሪያ ይሠራል። ተመርማሪው እግሩ ከኃይል መለኪያ ጋር ታስሮ ጡንቻውን ሲወጥር፣ ጡንቻና ጅማቱ የሚገናኙበት ነጥብ ምን ያህል እንደተንሸራተተ በምስሉ ይታያል። የተንሸራተተው ርቀት የጅማቱን መለጠጥ፣ የኃይል መለኪያው ደግሞ ጭነቱን ስለሚሰጥ ከሁለቱ የጅማቱ ግትርነት ይገኛል።

የሞገድ ፍጥነት

በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ (ማዲሰን) ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያቀረቡት ዘዴ የክራርን ጠባይ ለሚያውቅ ሰው እንግዳ አይደለም። የክራር አውታር ሲወጠር ድምፁ ይቀጥናል፤ ምክንያቱም በተወጠረ አውታር ላይ ሞገድ ፈጥኖ ይሮጣል። ጅማትም እንዲሁ ነው። አንድ ትንሽ መሣሪያ ከቆዳው ላይ ሆኖ ጅማቱን በቀስታ መታ መታ ያደርጋል፤ ከእርሱ ፈንጠር ብለው የተለጠፉ ሁለት ሴንሰሮች ሞገዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ የወሰደበትን ጊዜ ይመዘግባሉ። ጫናው አራት እጥፍ ሲሆን የሞገዱ ፍጥነት ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ዘዴው ቀዶ ጥገና የማይጠይቅና ሰው እየተራመደ የሚሠራ ነው፤ የሚያገለግለው ግን እንደ አቺለስ ላሉ ከቆዳ ሥር ቅርብ ለሆኑ ጅማቶች ብቻ ነው።

በስሌት ማግኘት

ብዙ ጊዜ ጭነቱ የሚገኘው በስሌት ነው። ካሜራዎች የእግርን አቀማመጥ፣ ወለል ላይ የተቀበረ የኃይል ሰሌዳ ደግሞ መሬቱ እግርን የሚገፋበትን ኃይል ይመዘግባሉ። ከእነዚህ ተነሥቶ በመገጣጠሚያው ላይ ያለው የማዞር ኃይል ይሰላል፤ ይህም ጅማቱ ከመገጣጠሚያው ማዕከል ላለው ርቀት ይካፈላል። አንድን መገጣጠሚያ ብዙ ጡንቻዎች ስለሚያንቀሳቅሱት ኃይሉ እንዴት እንደተከፋፈለ መገመት የግድ ነው፤ የዘዴው ድክመትም እዚህ ላይ ነው።

የስሌት ምሳሌ

60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በአንድ እግሩ ጣቶች ቆሟል እንበል። መሬቱ እግሩን ወደ ላይ የሚገፋው በ600 ኒውተን ያህል ሲሆን፣ የሚገፋበት ቦታ ከቁርጭምጭሚቱ ማዕከል 12 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ነው። አቺለስ ጅማት ደግሞ ከቁርጭምጭሚቱ ማዕከል 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ይስባል። ሚዛን እንዲጠበቅ፦

600 × 12 ÷ 5 = 1,440 ኒውተን

ይህ ከክብደቱ 2.4 እጥፍ ነው። ያው ሰው ሲሮጥ መሬቱ በክብደቱ 2.5 እጥፍ ቢገፋው የጅማቱ ጭነት 3,600 ኒውተን ይሆናል። የጅማቱ ስፋት 60 ካሬ ሚሊሜትር ከሆነ ጫናው 60 ሜጋፓስካል ነው። ከመበጠሻው ጋር ሲነጻጸር የቀረው ሰፊ አይደለም።

በኢትዮጵያ

የረጅም ርቀት ሯጮች

በኢትዮጵያ የአቺለስ ጅማት ጉዳይ በሕዝብ ዘንድ በሰፊው የታወቀው በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ምክንያት ነው። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ሲድኒ ኦሊምፒክ የሄደው ይህ ጅማቱ እያሠቃየው ነበር። በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ብቻ ቀድሞ ወርቁን ወሰደ። ከውድድሩ በኋላ ጅማቱ በቀዶ ጥገና ታከመ፤ በሚቀጥለው ዓመት በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ወጣ።

የሯጭ ጅማት የሚጎዳው በአንድ ትልቅ ጭነት ሳይሆን አብዛኛውን ጊዜ በመደጋገም ነው። የአንድ ሯጭ እርምጃ 1.8 ሜትር ቢሆን ማራቶን ለመጨረስ 23,400 ያህል እርምጃ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ጅማት 11,700 ጊዜ ይወጠራል። ይህ የውድድር ቀን ብቻ ነው፤ የሳምንቱ ልምምድ ከዚህ በብዙ ይበልጣል። በእያንዳንዱ ውጥረት ጥቂት ቃጫ ይጎዳል፤ ዕረፍት ካገኘ ይጠገናል። ጉዳቱ ከጥገናው ሲፈጥን ሕመሙ ይመጣል።

የልኬቱ ውጤት ግን ጅማትን ከጭነት ሁሉ ማራቅ መድኃኒት እንዳልሆነም አሳይቷል። ጅማት በመጠኑ ሲጫን እየጠነከረ ይሄዳል። በስዊድን የኡሜኦ ዩኒቨርሲቲው ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን እ.ኤ.አ. በ1998 ያሳተሙት ሕክምና በዚህ ላይ የቆመ ነው፤ ታማሚው ደረጃ ጫፍ ላይ በጣቶቹ ቆሞ ተረከዙን ቀስ ብሎ ወደ ታች ያወርዳል፤ ይህንንም በቀን ሁለት ጊዜ ለ12 ሳምንታት ይደጋግማል። መሣሪያ ስለማይጠይቅ በየትኛውም አገር ሊሠራ የሚችል ነው።

የፎገራ በሬና ማረሻ

ፎገራ በደቡብ ጎንደር ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የሚገኝ ሰፊ ሜዳ ነው። ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች አቋርጠውት ወደ ጣና ይገባሉ። ዋና ከተማው ወረታ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ሲሆን የደብረ ታቦር መንገድ የሚገነጠለውም ከዚያ ነው። አካባቢው በሩዝ ምርቱና ስሙን በሰጠው የፎገራ ከብት ዝርያ ይታወቃል። ዝርያው ለወተትም ለእርሻም የሚያገለግል ሲሆን በባሕር ዳር አቅራቢያ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ሲያራባው ቆይቷል።

የሜዳው አፈር አብዛኛው ዋልካ ነው። ዋልካ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ይጣበቃል፤ ማረሻ በውስጡ ለመሳብ የሚጠይቀው ኃይልም እንደ እርጥበቱ በጣም ይለያያል። በኢትዮጵያ ይህን የጉተታ ኃይል በመለካት ረገድ በ1974 (እ.ኤ.አ.) በአዲስ አበባ የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የአፍሪካ የከብት ሀብት ማዕከል (ኢልካ) ሰፊ ሥራ ሠርቷል። ማዕከሉ በ1980ዎቹ በነጠላ በሬ የሚጎተት ማረሻንና ለዋልካ አፈር የሚሆን መደብ ማውጫን ሞክሯል። ከዚያ በኋላ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲና የቤልጅየሙ ሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በማረሻው አካላት ላይ የሚያርፈውን ጭነት በኮምፒውተር ስሌት አጥንተዋል።

ልኬቱ የሚከናወነው ሎድ ሴል የተባለ መለኪያ በቀንበሩና በሞፈሩ መካከል በማስገባት ነው። ሞፈሩ ከማረሻው ተነሥቶ ወደ ቀንበሩ ሽቅብ ስለሚሄድ ኃይሉ ለሁለት ይከፈላል። ለምሳሌ በሞፈሩ በኩል ያለው ስበት 900 ኒውተን፣ ሞፈሩ ከመሬት ያለው ዝንባሌ 20 ዲግሪ ቢሆን፣ ወደ ፊት የሚጎትተው 846 ኒውተን ሲሆን 308 ኒውተን ደግሞ ቀንበሩን ወደ ታች ይጫናል። ይህ ቁልቁል ጭነት ከሻኛው ፊት ባለው አንገት ላይ ያርፋል።

በረጅም ሰዓት ሥራ አንድ በሬ ሳይጎዳ ሊጎትት የሚችለው ከክብደቱ 10 በመቶ ያህሉን ነው የሚለው የቆየ ግምት ነው። 300 ኪሎ ግራም የሚመዝን በሬ በዚህ መሠረት 300 ኒውተን ያህል ይጎትታል። ይህ የውጭ ጭነት ወደ ጅማት ሲተረጎም ያድጋል። በሬው 300 ኒውተኑን በአንድ የኋላ እግሩ መሬቱን እየገፋ ቢያወጣ፣ የቋንጃው መገጣጠሚያ ከመሬት 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል፣ ጅማቱም ከመገጣጠሚያው ማዕከል 10 ሴንቲ ሜትር ቢርቅ፣ በቋንጃው ጅማት ላይ 1,500 ኒውተን ይጨመራል። ይህ የራሱን ክብደት ለመሸከም ከሚያስፈልገው በላይ የሚታከል ነው። በሬው በጭቃ ሲያዳልጠው ወይም ማረሻው ሥር ሲይዘው ኃይሉ በቅጽበት ስለሚያሻቅብ አማካዩ ብቻ ሳይሆን የቅጽበቱ ከፍተኛ መጠንም መመዝገብ አለበት።

የሩዝ አረምና የወገብ ጅማቶች

በፎገራ ሩዝ በእጅ ይታረማል። ሥራው ለረጅም ሰዓት አጎንብሶ መቆየትን ይጠይቃል። ከወገብ በላይ ያለው የሰውነት ክፍል 360 ኒውተን ቢመዝንና ሰውየው ሲያጎነብስ የክብደቱ ማዕከል ከወገብ አከርካሪ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ቢርቅ፣ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ያሉት የጀርባ ጡንቻዎች 2,160 ኒውተን መሳብ ይኖርባቸዋል። በእጁ ምንም ሳይይዝ ማለት ነው።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። ሰው ሙሉ በሙሉ ሲያጎነብስ የጀርባ ጡንቻዎቹ የኤሌክትሪክ ምልክት እንደሚጠፋ በ1950ዎቹ ተረጋግጧል። ጡንቻዎቹ ያርፋሉ፤ ጭነቱን በአከርካሪው ጀርባ ያሉት የመገጣጠሚያ ጅማቶችና ሌሎች ሕብረ ሕዋሳት ይረከባሉ። ለዚህ ነው አጎንብሶ መቆየት መጀመሪያ ላይ ቀላል የሚመስለው። ጅማቶቹ ግን እንደተያዙ ቀስ በቀስ ይረዝማሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የካናዳ ጥናት ሰዎች ለ20 ደቂቃ ሙሉ በሙሉ አጎንብሰው ከቆዩ በኋላ በ2 ደቂቃ ውስጥ የወገባቸው ግትርነት በግማሽ ብቻ እንደተመለሰ፣ ከ30 ደቂቃ በኋላም ሙሉ በሙሉ እንዳልተስተካከለ አሳይቷል።

ከዚህ የሚወጣው ምክር ቀላል ነው። ሲያርም የቆየ ሰው ቀና እንዳለ ወዲያውኑ ጆንያ ማንሣት የለበትም፤ ወገቡ በዚያ ሰዓት ልል ነው። በየመሐሉ ቀና ማለት፣ ከአረም በኋላ ከባድ ነገር ከማንሣት በፊት ጥቂት መራመድ፣ ከባዱን ሸክም ከአረሙ አስቀድሞ መጨረስ ጅማቶቹን ያሳርፋል።

የልኬቱ ገደቦች

የትኛውም ዘዴ ከስሕተት ነጻ አይደለም። በጅማቱ ላይ የተተከለ መለኪያ ራሱ ጅማቱን ስለሚነካ ጠባዩን ሊለውጥ ይችላል። በአንድ ጅማት ውስጥ ያለው ጭነትም ወጥ አይደለም፤ አቺለስ ከሦስት ጡንቻዎች የሚመጡ ቃጫዎች ተጠማዘው የሚገናኙበት ስለሆነ አንደኛው ጎን ከሌላው የበለጠ ሊወጠር ይችላል። ጫናን ለማወቅ የሚያስፈልገው ስፋት በትንሹ ቢሳት ውጤቱ በዚያው መጠን ይሳታል።

በስሌት ዘዴ ደግሞ ትልቁ የስሕተት ምንጭ የማንሻ ክንዱ ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ የአቺለስ ርቀት 5 ሳይሆን 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 1,440 ኒውተን የነበረው 1,800 ይሆናል። የአንድ ሴንቲ ሜትር ልዩነት ጭነቱን በሩብ ጨመረው። ስለዚህ ጠንቃቃ ጥናት አንድን ዘዴ ብቻ አያምንም፤ አልትራሳውንድን ከኃይል ሰሌዳ፣ የሞገድ ፍጥነትን ከስሌት ጋር ያመሳክራል።

ደግሞ ይዩ

- ጡንቻ
- አጥንት
- ማንሻ
- ማረሻ
- ፎገራ
- ኃይሌ ገብረ ሥላሴ